ስድሳ አራቱ ሲስማሙ

ታናሽ ወንድሜ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ወደቡ ላይ «ዶክተር» ይሉታል። የታመመ ሞተር ሲያመጡለት የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ባለቤቱ በጭንቀት ቆሞ ይጠብቃል። እሱ ቀስ ብሎ ዓይኑን ይገልጥና «አይዞህ፣ አትሞትም» ይላል፤ ለሞተሩ ይሁን ለሰውየው አይታወቅም።

እኔን ደግሞ መሥሪያ ቤት «እሜቴ ልክ» ይሉኛል። አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳላይ አላሳልፍም። የምሠራው በሐይቅ ጥናት ቢሮ ነው። ሐይቁን በቁጥር ሠርተን ኮምፒውተር ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ውሃው በትናንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ የራሱ ጥልቀት፣ የራሱ ሞገድ፣ የራሱ ነፋስ አለው። አንድ ነገር እዚህ ቢወድቅ ነገ የት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም የኔ ሥራ ነው።

አንድ ቀን ወንድሜን ቢሮ አምጥቼ አሳየሁት። እጁ ግራሶ ስለነበር ምንም እንዳይነካ ወደ ኋላ አጣምሮ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ያንቺ ሐይቅ ውስጥ ሰው ይረጥባል?» አለኝ።

አይረጥብም፣ ሞተርም አይበላሽም አልኩት። እዚያማ እንጀራ የለኝም ብሎ ሳቀ። ከዚያ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ስለ ነፋስ ተከራከርን። እሱ ነፋስ ጠባይ አለው ይላል፤ እኔ ነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ነው እላለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነን። እናታችን «እናንተ ልጆች ውሃ እንኳ አብሮ ጠምቷችሁ አያውቅም» ትላለች።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ደወለልኝ። ካፒቴኑ የወደቡ የነፍስ አድን ኃላፊ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሴቱን ሁሉ «እህቴ» የሚል ትልቅ ሰው። ሁለት ጀልባ አለው። ከሱ ጋር በሥራ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ግን ሁልጊዜ በቢሮ ስልክ ነበር። ያን ቀን የደወለው በኔ ስልክ ነው። ስሙን ሳየው ገባኝ።

ወንድሜ ጎህ ሲቀድ የጠገነውን ሞተር ሊሞክር ብቻውን ወጥቷል። ሁለት ሰዓት ላይ ነፋሱ ድንገት ተነሣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓሣ አጥማጆች ጀልባዋን ተገልብጣ አገኟት፤ ሰው የለም። ካፒቴኑ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ቀጠለ። የነፍስ አድን ጃኬቱ ከጀልባዋ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ለብሶታል ማለት ነው። ውሃው ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ጃኬት የለበሰ ሰው ልቡ ከበረታ እስከ ነገ እኩለ ቀን ሊቆይ ይችላል።

«ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ጀልባዬ ሁለት ነው» አለኝ። «የት እንሂድ? አንቺ ንገሪን።»

ጀልባዋ ከተገለበጠችበት ወደ ምሥራቅ አንድ ድንጋያማ ምድር ወደ ውሃው ገብቶ ይቆማል፤ ሰዉ «አፍንጫው» ይለዋል። ሞገዱ እዚያ ደርሶ ለሁለት ይከፈላል። በደቡብ በኩል ያለፈ ነገር ወደ ትልቁ ወሽመጥ ይገባል፤ በሰሜን በኩል ያለፈ ወደ ሸንበቆው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል በጀልባ የግማሽ ቀን መንገድ አለ።

ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። በሐሳብ የተሠሩ ተንሳፋፊ ሰዎችን ከአንድ ቦታ ይለቃል። ሞገዱ ይወስዳቸዋል፣ ነፋሱ ይገፋቸዋል። ነፋስ ግን እኩል አይነፍስም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ተንሳፋፊ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ዕጣ ያወጣል፤ እዚህ ትንሽ በርታ፣ እዚያ ትንሽ ቀስ። አንድ ተንሳፋፊ የሚነግረን የአንድን ሰው ዕድል ብቻ ነው። ከሺህ በላይ ሲሆኑ ግን የብዙዎቹን መንገድ አይቶ የት መፈለግ እንደሚሻል መናገር ይቻላል።

እኔ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ፈለግሁ። በአንድ ማሽን እስከ ማታ ይፈጃል። ለስድሳ አራት ማሽን ቢከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ይደርሰዋል፤ ስድሳ አራቱ ጎን ለጎን ሠርተው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳሉ።

ማሽኖቹን የሚጠብቃቸው ጋሽ ብርዱ ነው። ስሙ አይደለም፤ የማሽኖቹ ክፍል ሁልጊዜ ስለሚቀዘቅዝ በበጋም ሁለት ሹራብና የሱፍ ኮፍያ ስለሚያደርግ የወጣለት ነው። የሌሎቹን ሥራ ሁሉ አቁሞ ስድሳ አራቱንም ለኔ ለቀቀልኝ። የማቀዝቀዣው ጩኸት ስላለ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ነው የሚናገረው።

«ይሄን ፕሮግራም በስድሳ አራቱ አስነስተሽው ታውቂያለሽ?»

በአንዱ ሁልጊዜ በትክክል ይሠራል አልኩት።

«በስድሳ አራቱስ?»

«ጋሽ ብርዱ፣ ወንድሜ ውሃ ላይ ነው ያለው።»

ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አስቀመጠልኝ፤ አንዱን ሹራብ አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገው።

በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። ስክሪኑ ላይ ድምሩ ወጣ። ወደ ደቡቡ ወሽመጥ ስምንት መቶ ዘጠና ስድስት። ወደ ሰሜኑ ሸንበቆ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት። ከመቶ ሰባ ወደ ደቡብ። ካርታው ላይ ወሽመጡ ውስጥ ጥቂት አራት ማዕዘኖች ብቻ ነበሩ የጠቆሩት፤ የወሽመጡ ሌላው ክፍል ነጭ ነው። ሐይቁ ቁርጡን የነገረኝ መሰለኝ።

ለካፒቴኑ ደወልኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ግማሽ በግማሽ ከሆነ አንዱን ጀልባ ወደዚያ፣ አንዱን ወደዚህ እልካለሁ፤ ወደ አንዱ ካደላ ግን ወሽመጡ ገደላማ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ቢፈልጉት ይሻላል አለ።

«ከመቶ ሰባ ነው» አልኩት። «ግፋ ቢል ሦስት ከፍ ዝቅ ቢል ነው።»

«በቃ፣ ሁለቱም ደቡብ።»

ያን ቀን ጀንበር እስክትጠልቅ ወሽመጡን ፈለጉት። ምንም አልነበረም። በማግስቱ ሲነጋ እንደገና ወጡ።

እኔ ጠዋት እናቴ ቤት ነበርኩ። ጎረቤትና ዘመድ ሳሎኑን ሞልቶት ነበር። እናቴ ግን ጓሮ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ የወንድሜን የሥራ ቱታ ታጥባለች። የሞተር ዘይት በሳሙና እንደማይለቅ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሃያ ዓመት አጥባዋለች። አክስቴ መጥታ ተይው ስትላት «ሲመጣ ምን ይለብሳል?» አለቻትና ማሸቷን ቀጠለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከሳሎን ሰዎች በዝግታ ሲያወሩ ይሰማል፤ አንዷ ጎረቤት ሌላዋን ከመቶ ሰባ ነው ብላለች እህቱ፣ አይዞን ትላታለች።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራ አንድ ልማድ አለኝ፤ ያገኘሁትን ቁጥር በግማሽ፣ በግማሽ እከፍላለሁ። ጎዶሎ ቁጥር ላይ እስክደርስ። ያን ጠዋት በአእምሮዬ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር። ስምንት መቶ ዘጠና ስድስት። አራት መቶ አርባ ስምንት። ሁለት መቶ ሃያ አራት። መቶ አሥራ ሁለት። ሃምሳ ስድስት። ሃያ ስምንት። አሥራ አራት።

ሰባት ላይ ሳልደርስ፣ ስድስት ጊዜ ከፍዬ አሥራ አራት ላይ ቆምኩ። ስድስት ጊዜ በግማሽ መክፈል ማለት ለስድሳ አራት ማካፈል ነው። ስምንት መቶ ዘጠና ስድስት ለስድሳ አራት ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ይህ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ከስድሳ አራት ጊዜ አንዴ። ለራሴ እንዲህ አልኩ። ሌላውንም፣ ሦስት መቶ ሰማንያ አራቱን፣ ለስድሳ አራት አካፈልኩት፤ ስድስት። እሱ አዲስ ነገር አይነግረኝም፣ የመጀመሪያው ጥላ ነው። አሥራ አራትና ስድስት። ድምሩ ሃያ። ለእያንዳንዱ ማሽን የሰጠሁት ሃያ ነበር።

ከተቀመጥኩበት ስነሣ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ቢሮ ደርሼ ትናንት ያልከፈትኩትን ከፈትኩ፤ የየማሽኑን ፋይል። የመጀመሪያው ማሽን፣ ደቡብ አሥራ አራት፣ ሰሜን ስድስት። ሁለተኛው፣ ደቡብ አሥራ አራት፣ ሰሜን ስድስት። ሠላሳኛው እንደዚያው። ስድሳ አራተኛው እንደዚያው። መንገዳቸው እስከ መጨረሻዋ አሐዝ አንድ ነው።

ኮምፒውተር ከራሱ ዕጣ ማውጣት አይችልም። አንድ መነሻ ቁጥር ይሰጡታል፤ ከሱ ተነሥቶ ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን ይደረድራል። መነሻው አንድ ከሆነ ድርድሩም አንድ ነው። ፕሮግራሙን ስሠራ፣ ያስተካከልኩት ነገር ሌላውን እንዳላበላሸ ለማየት፣ ዛሬም ነገም ያው መልስ እንዲሰጠኝ ፈልጌ መነሻውን አንድ ቁጥር ላይ አሥሬው ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። የእናቴ ቤት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ስጪ ስባል ቶሎ የሚመጣልኝ እሱ ነው። በአንድ ማሽን ምንም ጉዳት የለውም። በስድሳ አራት ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ መነሻ መስጠት አለብኝ። ይህን አውቃለሁ። ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

አልሰጠሁም። ስድሳ አራቱም ከቤታችን ቁጥር ተነሥተው ያንኑ ሃያ ሰው ለቀቁ። እኔ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰው የጠየቅሁ መስሎኝ ሃያ ሰው ስድሳ አራት ጊዜ ጠየቅሁ።

አስተካክዬ እንደገና አስነሣሁት። መልሱን ግን አልጠበቅሁም፤ ለካፒቴኑ ደወልኩ።

«አንዱን ጀልባ ወደ ሰሜን ይላኩልኝ» አልኩት። «ትናንት የነገርኩዎት ልክ አልነበረም።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ስልኩን ሳይዘጋ በሬዲዮ ሲያዝዝ ሰማሁት። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አዲሱ መልስ መጣ። ደቡብ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሰሜን ስድስት መቶ ስድሳ ስምንት። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። እንዲያውም ወደ ሰሜን ትንሽ ያደላል።

ሰባት ሰዓት ላይ ሸንበቆው ውስጥ አገኙት። ጃኬቱ እንደታሠረ ነው። በአንድ እጁ ሸንበቆ በጥቅል ይዟል፤ ለማስለቀቅ ተቸግረው ነበር አሉ። ሐኪሙ አይቶት የሞተው ትናንት አይደለም አለ። ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በፊት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበር። ሲመሽም በሕይወት ነበር። እናቴ ቱታውን ማጠብ ስትጀምርም በሕይወት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። የሚገባው ሁሉ እኔን እያቀፈ ያመሰግነኛል። አጎቴ ለመጣው ሁሉ እንዲህ እያለ ይነግራል፤ እሷ ባትኖር ኖሮ ሬሳውንም አናገኘውም ነበር፣ ሐይቁ በልቶት ይቀር ነበር፣ እሷና ኮምፒውተሯ ናቸው ያወጡልን። የወደብ ልጆች መጥተው ዶክተር እኮ ባንቺ ይኮራ ነበር አሉኝ፤ ለሰው ሁሉ እህቴ ሐይቁን ኪሷ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው ይል ነበር አሉ። ይህን ለኔ ብሎኝ አያውቅም።

ካፒቴኑ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። የመጣ ዕለት እናቴ እግር ሥር ዝቅ ብሎ፣ «ሁለቱንም ጀልባ ባንድ በኩል የላክሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እናቴ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ይህን መሳት አልነበረብኝም» ብሏታል። እሷ ትከሻውን ይዛ አነሣችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ ምሳ ሲቀርብ በልቻለሁ ይላል። የማክሰኞው ቁጥር በአዲስ የነፋስ መረጃ የተለወጠ መስሎታል። እንዲህም ብሎ ለሰው ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ፤ እኔን ከወሬ ሊጠብቀኝ።

በሦስተኛው ቀን እናቴን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። የደረቀውን ቱታ ታጥፋለች። እጅጌው ላይ ያለው ጥቁረት እንዳለ ነው። በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። ስለ ዕጣው፣ ስለ መነሻ ቁጥሩ፣ ስለ ስድሳ አራቱ። ቀላል ቃል እየፈለግሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እየተናገርኩ። የቤታችን ቁጥር መሆኑንም ነገርኳት። ማጠፏን አላቋረጠችም።

«ስድሳ አራቱም አንድ ነገር አሉሽ?» አለችኝ ስጨርስ።

«አንድ ነገር።»

«እኔ የወለድኩት ሁለት ነው። ባንድ ነገር ተስማምታችሁ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ስድሳ አራት ሲስማማልሽ ምነው ብለሽ አልጠየቅሽም?»

አንድ በአንድ አልጠየቅኋቸውም አልኳት። ድምሩን ብቻ ነው ያየሁት።

ቱታውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእጇ ዳበሰችው። ውጭ አንድ ሰው ወንበር ሲጎትት ተሰማ።

«ያ ካፒቴን ይሄን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎሻል? ሰውዬው እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው።»

አላቀፈችኝም። አልገፋችኝምም። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረችና ለቱታው ቦታ መፈለግ ጀመረች።

ካፒቴኑን ወደ ግቢው በር ወስጄ ቆመን ነገርኩት። ለእሱ ማስረዳቱ አጭር ነበር፤ ካርታ ያውቃል፣ ቁጥር ያውቃል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን እያዞረ ሰማኝ። ተሳሳትኩ የሚለውን ቃል ስናገር እጁ ቆመ።

«እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ አዎ እንድትይኝ ፈልጌ ነው የጠየቅሁሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ይህን ራሴ አውቃለሁ።»

ለአለቆቼ ነግሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገ ጠዋት እጽፋለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኮፍያውን አደረገና ወደ ቤት ተመለሰ። አክስቴ ሳህን ስታቀርብለት በልቻለሁ አላለም። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ሳህኑን እንደያዘ ተቀመጠ። የኔን ዓይን ላለማየት መሬት መሬት ያያል።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ከሩብ ነው። የማክሰኞውን ውጤት ላጥፋው ወይ ብሎ ጋሽ ብርዱ ጠየቀኝ፤ ቦታ ይይዛል አለ። ቦታ እንደማይይዝ ሁለታችንም እናውቃለን። አታጥፋው አልኩት።

ምክንያቱም ሃያዎቹን በኋላ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ወደ ሰሜን ከሄዱት ስድስቱ አንዱ፣ ቁጥሩ አሥራ ሰባት የሆነው፣ አፍንጫውን በሰሜን በኩል አልፎ፣ ማታ ላይ ሸንበቆው ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ወንድሜ ከተገኘበት ቦታ በሁለት መቶ ሜትር ይርቃል። ስድሳ አራት ማሽን ስድሳ አራት ጊዜ ነግሮኝ ነበር።

አሁን ነፋስ በተነሣ ቁጥር ካፒቴኑ ይደውላል። በቢሮው ስልክ። «እህቴ» ይላል፣ ቦታና ሰዓት ይሰጠኛል፣ ሌላ አንነጋገርም። ስድሳ አራቱን አስነሣለሁ፤ እያንዳንዱ ከየራሱ ቁጥር ይነሣል። ሲጨርሱ ድምሩን ከማየቴ በፊት ፋይሎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። ጋሽ ብርዱ ሹራቡን እንደደረበ ከኋላዬ ይቆማል፤ አያጣድፈኝም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነባቸዋለሁ። ዘጠኝ። አሥራ አንድ። ሰባት። አሥራ ሁለት። ስምንት። አይስማሙም። አሥራ አራት ስትመጣ ትንሽ እቆማለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን እከፍታለሁ።